የሁለት ከተሞች የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት፦ ሒሳቡ ለምን አይገጥምም?

መንገደኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛልና የምታውቁ አስረዱኝ።

ከሎንደን ኒውዮርክ ደርሶ መልስ ቲኬት እያየሁ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት የትም ብፈልግ 5,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይለኛል። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ደግሞ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ። 5,550ን ለ900 ሳካፍለው 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ መጣልኝ። ቲኬቱ ግን መሄጃውን 8 ሰዓት ገደማ፣ መመለሻውን 7 ሰዓት ገደማ ይለዋል። ሁለቱም ከእኔ ሒሳብ ጋር አይገጥሙም፣ እርስ በርሳቸውም አይገጥሙም። መንገዱ ያው መንገድ፣ አውሮፕላኑም ያው ዓይነት አውሮፕላን ነው።

ደግሞ ምድር የምትዞረው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው ብለን ነው የተማርነው። እንደዚያ ከሆነ አውሮፕላኑ ወደ ምዕራብ ሲበር ኒውዮርክ ራሷ ወደሱ እየመጣች አይደለም ወይ? ታዲያ ማጠር ሲገባው ለምን ረዘመ? ካርታው ላይ ያለው መስመርም ወደ ሰሜን ጎብጦ ነው የሚሄደው። ቀጥ ብሎ ቢሄድ አያጥርም?


ሻንጣ አዝዬ

ዋናው ምክንያት ነፋስ ነው፤ ዝርዝሩን የሚያውቁት ይነግሩሻል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቲኬቱ ላይ ያለውን መነሻና መድረሻ ሰዓት እየቀነስሽ የበረራ ርዝመት እንዳታወጪ። ሁለቱም የተጻፉት በየከተማው ሰዓት ነው። ከሎንደን ቀን 6 ሰዓት ላይ ተነስተሽ 8 ሰዓት ብትበሪ ኒውዮርክ የምትደርሺው እዚያው ቀን 9 ሰዓት ላይ ነው። ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ብቻ ላየ ሰው ሦስት ሰዓት ነው የፈጀው። ስትመለሺ ደግሞ ማታ 2 ሰዓት ተነስተሽ 7 ሰዓት ብትበሪ ሎንደን ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት የተጓዝሽ ይመስልሻል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ 5 ሰዓት ነው። ማርች ላይ ግን አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የሚያዞሩት ከአውሮፓ ቀድመው ስለሆነ ለጥቂት ሳምንታት 4 ይሆናል። በኦክቶበር መጨረሻም ለአንድ ሳምንት እንደዚሁ።


የሌሊት ተረኛ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ በየቀኑ እጄ ላይ ያለ ጉዳይ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዲስፓቸር ነኝ። አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት መስመሩን፣ ከፍታውን፣ ነዳጁንና በመንገድ የሚያገኘውን ነፋስ አስልተን የበረራ ዕቅዱን ለካፒቴኑ የምናቀርበው እኛ ነን። በእኛ ክፍል «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም። የምንጠያየቀው «ዛሬ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» እያልን ነው። ሁለቱ ከተሞች ካሉበት አይነቃነቁም፤ በመካከላቸው ያለው አየር ግን አንድ ቀንም ቆሞ አያውቅም።

ከምድር መዞር ልጀምር። ምድር ስትዞር አየሩንም ይዛው ነው የምትዞረው። አውሮፕላኑም ገና ማኮብኮቢያው ላይ ቆሞ ሳለ ከምድር ጋር እየዞረ ነው፤ ሲነሳም ያንኑ ፍጥነት እንደያዘ ነው። በምድር ወገብ ላይ የመዞሩ ፍጥነት በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አየሩ ወደ ኋላ የሚቀር ቢሆን ኖሮ በዚያ ፍጥነት ሌት ተቀን ሲገርፈን በኖረ ነበር፤ ቤትም ዛፍም ባልቆመ። ስለዚህ ኒውዮርክ ወደ አውሮፕላኑ አትመጣም።

ይህ ማለት ግን መዞሩ ምንም ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። ድርሻ አለው፤ ውጤቱ ግን አንቺ ከጠበቅሽው ተቃራኒ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ የሞቀው አየር ወደ ዋልታዎቹ ሲያመራ የምድር መዞር አቅጣጫውን ወደ ምሥራቅ ያስለውጠዋል። ሞቃቱና ቀዝቃዛው አየር በሚገናኙበት ወሰን ላይ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ጠባብና ኃይለኛ ነፋስ ይፈጠራል። ጄት ስትሪም የምንለው እሱን ነው። መንገደኛ አውሮፕላኖች የሚበሩትም በዚያው ከፍታ ነው። የሙቀቱና የቅዝቃዜው ልዩነት ሲሰፋ ነፋሱም ይበረታል፤ ስለዚህ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው የብርድ ወቅት በሰዓት 200 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሆኖ እናገኘዋለን።

አንቺ የያዝሽው 900 ኪሎ ሜትር አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት ነው። መሬት ላይ ምን ያህል እንደተጓዘ የሚነግርሽ ግን ነፋሱ ከተጨመረ ወይም ከተቀነሰ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። ወራጅ ወንዝ ላይ ያለች ጀልባ ቀዛፊው ጉልበቱን ሳይለውጥ ወደ ታች ስትፈጥን ወደ ላይ እንደምትዘገየው ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። በመንገዱ ሁሉ በአማካይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነፋስ አለ እንበል። ከኋላ ሲገፋ 5,550 ለ1,000፣ 5 ሰዓት ከ33 ደቂቃ። ከፊት ሲመጣ 5,550 ለ800፣ 6 ሰዓት ከ56 ደቂቃ። ሲደመር 12 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ይሆናል። ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 12 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነበር። ብዙ ሰው «ሲሄድ የወሰደውን ሲመለስ ይከፍላል» ይላል፤ አይከፍልም። ነፋሱ በሚጎዳሽ አቅጣጫ ረዘም ላለ ጊዜ ስለምትቆዪ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ይህች ዘጠኝ ደቂቃ ለአንድ ሰው ምንም አይደለችም፤ ነዳጅ ለሚያሰላ ሰው ግን ትልቅ ነገር ናት።

ይህን ነፋስ መጀመሪያ በሥርዓት ከለኩት ሰዎች አንዱ ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦይሺ ነበር። በ1920ዎቹ ፊኛ ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከታች በመሣሪያ ይከታተል ነበር። ውጤቱን ዓለም እንዲያነበው ብሎ ያሳተመው ኤስፔራንቶ በሚባለው ለዓለም መግባቢያ ተብሎ በተፈጠረ ቋንቋ ነው፤ ቋንቋውን የሚያነብ ሰው ጥቂት ስለነበር ሥራው ከጃፓን ውጭ ሳይታወቅ ቆየ። ባስታወስኩት ቁጥር ይቆጨኛል። ከዚያ በኅዳር 1952 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው አየር መንገድ ፓን አሜሪካን ከቶኪዮ ሆኖሉሉ በ7,600 ሜትር ከፍታ ነፋሱን ተከትሎ ሲበር 18 ሰዓት የነበረው ጉዞ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ወረደ። አየር መንገዶች ነፋስን እንደ መንገድ መፈለግ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል።

አንቺ በምትሄጅበት መስመር ላይም ማሳያ አለ። በፌብሩዋሪ 2020 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ሎንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። አውሎ ነፋስ ጄት ስትሪሙን ያጠናከረበት ሌሊት ነበር። መሬት ላይ ሲለካ ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ከፍታ የድምፅ ፍጥነት 1,065 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ «ከድምፅ ፈጠነ» የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር፤ አልፈጠነም። በአየሩ ውስጥ የነበረው ፍጥነት የተለመደው ነው፤ የቀረውን የሰጠው ነፋሱ ነው።

አሁን ወደ ቲኬትሽ። እዚያ ላይ የተጻፈው የአየር ላይ ጊዜ ብቻ አይደለም። ብሎክ ታይም ይባላል፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት ፍሬን ለቆ ከተንቀሳቀሰባት ደቂቃ አንስቶ መድረሻው በር ላይ ፍሬን እስኪይዝ ያለው በሙሉ ይቆጠራል። የሎንደኑን ሂትሮና የኒውዮርኩን ኬኔዲ በመሰሉ የተጨናነቁ አየር ማረፊያዎች ለመነሳት ወረፋ ይዞ ማኮብኮብ ብቻውን ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ሊበላ ይችላል። ከተነሳም በኋላ ወዲያው 900 አይደርስም። የአሜሪካ ሕግ ከ10,000 ጫማ በታች ከ250 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ463 ኪሎ ሜትር፣ በላይ እንዳይበር ይከለክላል፤ ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ገደብ አላቸው። ለማረፍ መውረድ የሚጀምረው ደግሞ ገና 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ነው። በዚህ ሁሉ ላይ አየር መንገዱ ለመዘግየት መጠባበቂያ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል። አንቺ ያወጣሻት 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሒሳብነቷ ትክክል ናት፤ የምትለካው ግን ከአየር ላይ ጀምሮ አየር ላይ የሚያልቅ ጉዞ ነው።

የጎበጠውን መስመር በተመለከተ፣ የጎበጠው ካርታው እንጂ መንገዱ አይደለም። ድቡልቡሏን ምድር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ሲዘረጓት ወደ ዋልታ ያለው ክፍል ይለጠጣል። ሉል ካገኘሽ ሁለቱን ከተሞች በክር አገናኝተሽ ክሩን ወጥሪው፤ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ይቀመጣል። አጭሩ መንገድ እሱ ነው። በጣም የሚያስደንቀው ቤጂንግና ኒውዮርክ ናቸው። ሁለቱም 40ኛው ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ናቸው። ኬክሮሱን ተከትሎ ፓስፊክን አቋርጦ የሚሄድ ሰው 14,000 ኪሎ ሜትር አልፎ ይጓዛል፤ ክሩ የሚያሳየው መንገድ ግን በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያልፍና 11,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 3,000 ኪሎ ሜትር ተርፏል ማለት ነው፤ አውሮፕላኑ ምንም ሳይፈጥን።

እውነተኛው በረራ ግን ክሩንም በትክክል አይከተልም። በሰሜን አትላንቲክ ላይ በብሪታንያና በአየርላንድ በኩል ሻንዊክ፣ በካናዳ በኩል ጋንደር የሚባሉት የበረራ ተቆጣጣሪዎች በየዕለቱ የነፋሱን ትንበያ አይተው መስመሮችን ያወጣሉ፤ ቀን ወደ ምዕራብ ለሚሄዱት፣ ሌሊት ወደ ምሥራቅ ለሚመለሱት። ስትሄጂ ነፋሱን ለመሸሽ ወደ ግሪንላንድ ጠጋ ልትዪ ትችያለሽ፤ ስትመለሺ ደግሞ ነፋሱ ካለበት ለመግባት ወደ ደቡብ ዝቅ ትያለሽ። በኪሎ ሜትር የሚረዝመው መስመር በሰዓት የሚያጥርበት ሌሊት ብዙ ነው። ተረኛ ሆኜ ስክሪኑ ላይ ይህ ሲወጣ አሁንም ደስ ይለኛል።


ቁጥር ወዳጅ

ማብራሪያው ግሩም ነው። ርቀቱን ራሷ ማውጣት ለምትፈልግ፣ የከተሞቹ ኬክሮስና ኬንትሮስ ካለሽ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ይበቃሻል።

ቀላሉ ሁለቱ ከተሞች በአንድ ኬንትሮስ ላይ ሲሆኑ ነው። ስቶክሆልም 59.3 ዲግሪ ሰሜን፣ ኬፕታውን 33.9 ዲግሪ ደቡብ፤ ኬንትሮሳቸው 18 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ አንድ ነው ማለት ይቻላል። በምድር ወገብ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ይደመራሉ፤ 93.2 ዲግሪ። አንዱ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 10,360 ኪሎ ሜትር ያህል።

ኬንትሮሳቸው ሲለያይ እንዲህ ነው፦ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን አባዢ። ለብቻው ደግሞ የሁለቱን ኮሳይን አባዝተሽ በኬንትሮስ ልዩነታቸው ኮሳይን አባዢው። ሁለቱን ደምሪ። ያ የምትፈልጊው ማዕዘን ኮሳይን ነው፤ ማዕዘኑን በዲግሪ አውጥተሽ በ111.2 አባዢ። የደቡብ ኬክሮስ ኔጌቲቭ መሆኑን አትርሺ። ምድር ዋልታና ዋልታዋ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለች ስለሆነች ስሕተት ይኖራል፤ ግን ከግማሽ በመቶ ብዙም አያልፍም።

መልሱ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከመጣ የሆነ ቦታ ተሳስቷል ማለት ነው። ፈረንሳዮች በ1790ዎቹ ሜትርን ሲወስኑ ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት አሥር ሚሊዮን ሜትር ብለው ስለተነሱ የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ስለዚህ ማንኛውም ሁለት ከተማ ከግማሹ በላይ ሊራራቅ አይችልም።


መንገደኛዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ የምድር መዞሩ ነገር አሁን ነው የገባኝ። ሁለት ጥያቄ ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ ለሌሎች ከተሞችም ርቀቱን ካወቅኩ ሰዓቱን በግምት የማወጣበት ዘዴ አለ? ሁለተኛ፣ ስመለስ ሂትሮ የምደርሰው ጠዋት 2 ሰዓት ነው ይላል። ከዚያ 3 ሰዓት ላይ የሚነሳ ባቡር ልይዝ አስቤ ነበር። ይደርሳል?


የሌሊት ተረኛ

ለግምት እኔ የምጠቀምባት ይህች ናት፦ ኪሎ ሜትሩን ለ850 አካፍዪ፣ 40 ደቂቃ ጨምሪ። አርባዋ ደቂቃ ለማኮብኮቡ፣ ለመውጣቱና ለመውረዱ ናት። ከፓሪስ ሮም 1,100 ኪሎ ሜትር ነው፤ 1 ሰዓት ከ18 ሲደመር 40፣ ሁለት ሰዓት ገደማ። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈውም እንደዚያ ነው። ከሲንጋፖር ኒውዮርክ ኬኔዲ 15,350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 18 ሰዓት ከ43 ይመጣል፣ እሱም ከእውነተኛው ሰሌዳ ብዙም አይርቅም። ለአጭር በረራ የሚመደቡት ኤርባስ 320ና ቦይንግ 737 ከትልልቆቹ ዘገም ይላሉ፤ በሰዓት 830 አካባቢ ናቸው። በአጭር መንገድ ላይ ግን ልዩነቱ አይሰማሽም፤ ጊዜውን የሚበላው አየር ማረፊያው ነው።

ከዚያ አቅጣጫውን ተመልከቺ። ጄት ስትሪም ባለበት ኬክሮስ ረጅም በረራ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ጨምሪ፣ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ቀንሺ። የአንቺ መስመር በ850 ሲካፈል 6 ሰዓት ከ32 ነው፤ አርባ ሲጨመር 7 ሰዓት ከ12። አሁን ቲኬትሽን ተመልከቺው፦ መሄጃው ከዚህ በላይ፣ መመለሻው ከዚህ በታች ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ ለሚሄድ ግን ነፋሱ በጎን ስለሚያልፍ ሁለቱ አቅጣጫዎች ይቀራረባሉ፤ ከፍራንክፈርት ጆሃንስበርግ ሲሄዱም ሲመለሱም ከ10 እስከ 11 ሰዓት ነው።

ይህች ዘዴ የማትሠራበት ቦታም አለ። በ2022 ሩሲያ የአየር ክልሏን ለአውሮፓ ኅብረት አየር መንገዶች ከዘጋች በኋላ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ያለው 7,800 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጅ የነበረው ወደ 13 ሰዓት ተጠጋ። የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር ወይ በሰሜን ዋልታ በኩል ወይ በደቡብ ዞሮ ነው የሚሄደው። ከተሞቹ አንዲት ስንዝር አልተራራቁም፤ ሰማዩ ስለተዘጋ ብቻ ሦስት ሰዓት ተኩል ተጨመረ። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ርቀት ማወቅ ምንም አይጠቅምሽም፤ ያለፉትን ቀናት ትክክለኛ የበረራ ጊዜ ማየት ነው የሚሻለው። የበረራ ቁጥሩን የበረራ መከታተያ ድረ ገጾች ላይ ብታስገቢው ይወጣልሻል። ለአንቺም በረራ እንደዚያው አድርጊ።

ቀን የሚያልፍባቸው መስመሮች ላይ ደግሞ ቀኑንም አብረሽ አስይ። ሰኞ ማታ 2 ሰዓት ከቶኪዮ የተነሳ ሰው ሰባት ሰዓት በርሮ ሆኖሉሉ የሚገባው እዚያው ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ከተነሳበት ቀድሞ። ሆቴል የሚይዝ ሰው ይህን ሳያይ ቀርቶ ለማክሰኞ ሊይዝ ይችላል።

ባቡሩን በተመለከተ፣ የ3 ሰዓቱን ተይው። ከኒውዮርክ የሚመጣ የሌሊት በረራ ነፋሱ ከረዳው ከሰሌዳው ቀድሞ ይደርሳል፤ በብርዱ ወራት ይህ የተለመደ ነው። ግን ቀድሞ መድረስ ቀድሞ መውጣት አይደለም። ጠዋት ሂትሮ ላይ ከአሜሪካም ከእስያም የሚመጡ የሌሊት በረራዎች ተከታትለው ስለሚገቡ አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ እየዞረ ሊጠብቅ ይችላል፤ ካረፈም በኋላ የሚቆምበት በር ሌላ አውሮፕላን ይዞት ሊሆን ይችላል። ቲኬቱ ላይ ያለው 2 ሰዓት ፍሬን የሚያዝበት ነው። በሩ የሚከፈተው፣ አንቺ ከመቀመጫሽ የምትነሺው፣ ፓስፖርት ወረፋ የምትይዥው፣ ሻንጣ የምትጠብቂው ከዚያ በኋላ ነው። ከአየር ማረፊያው ወደ ባቡር ጣቢያው የምትሄጂበትንም ጨምሪበት። ቲኬቱ የማይቀየር ዓይነት ከሆነ የ5 ሰዓቱን ያዢ፤ የሚቀየር ከሆነ የ4 ሰዓት ተኩሉም ይበቃሻል።